ከጓሮ በር እስከ ባሕሩ

ሀለርስ ቢች፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1993

ለተከበሩ አቶ ቶርበርን፣

ደብዳቤዎ ማክሰኞ ደረሰኝ። ወረቀቱ ላይ የሚያዩት የሻይ ጠብታ የባለቤቴ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንደገና እንዳልገለብጠው የፖስታ መኪናው ወደ መንደራችን የሚመጣው በሳምንት ሁለቴ ብቻ ነው፣ ያመልጠኛል።

የጠየቁኝን በተራ ልመልስ። ዕድሜዬ አርባ ስድስት ነው። ትምህርት ያቋረጥኩት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። እስካለፈው ዓመት ዓሣ ማሸጊያው ውስጥ እሠራ ነበር፤ እሱም ተዘጋ። ባለቤቴ መርቭ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ከመሬት በታች ሠርቶ ሲወጣ ሳንባውን እዚያው ጥሎት ወጣ። ከአልጋው እስከ ወንበሩ በራሱ ይሄዳል፤ ከዚያ ካለፈ የኦክስጅን ጠርሙሱን የሚገፋለት ሰው ያስፈልገዋል፣ ያ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ከቤት ሳልወጣ የምማረው፣ ተምሬም የምንተዳደርበት ሙያ ነው የምፈልገው። የፖስታ ትምህርታችሁን ማስታወቂያ ያየሁት ሐኪም ቤት ተራ ስጠብቅ፣ አንድ አሮጌ መጽሔት ላይ ነው። ገጹን ቀድጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለዚህም ይቅርታ።

«ለምን አትክልተኝነት ሳይሆን የግቢ ንድፍ መረጡ?» ብለውኛል። መትከሉንማ እችላለሁ። የማልችለው ከመትከሌ በፊት ማሰብ ነው። ያገኘሁትን ባገኘሁበት ነው የምሰካው፤ ከዓመት በኋላ ሳየው ግቢ ሳይሆን የቅዳሜ ገበያ ይመስላል። ሰው ሲገባበት ዘና ብሎ ትከሻው የሚወርድበት ቦታ እንዴት እንደሚታሰብ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያውን የቤት ሥራ፣ የግቢያችንን ፕላን አያይዣለሁ። ከጓሮ በር እስከ ኋለኛው አጥር ሠላሳ አንድ ሜትር ነው። ከአጥሩ ወዲያ ጠጠርና ባሕር ነው፣ ሌላ የሚባል ነገር የለውም።

አክባሪዎ
ኖሊን ፓስኮ


ክራይስትቸርች፣ ማርች 2 ቀን 1993

ለወይዘሮ ፓስኮ፣

ፕላንዎ ንጹሕ ነው፤ መስመርዎም አይንቀጠቀጥም። ሰሜን በየት በኩል እንደሆነ የሚያሳየውን ቀስት ግን ረስተዋል። ሰሜኑን የማያውቅ ነዳፊ ጥላው የት እንደሚወድቅ አያውቅም። ሰባ አንድ ከመቶ ሰጥቻለሁ።

በደብዳቤዎ ጫፍ ላይ በእርሳስ ጽፈው መልሰው ያጠፉትን ጥያቄ አነበብኩት። እንዳላየ ልሆን አልችልም። አዎ፣ እንደ እርስዎ ያለች ሴት በዚህ ሙያ ልትተዳደር ትችላለች። ግን አልዋሽዎትም፤ ከሃያ ተማሪዎቼ ሦስቱ ይጨርሳሉ፣ ከሦስቱ አንዱ ይሠራበታል። ያለ ምስክር ወረቀት ማዘጋጃ ቤትም ሆነ ችግኝ ጣቢያ በሩን አይከፍትልዎትም። ምስክር ወረቀቱ የሚሰጠው ደግሞ በመጨረሻው ሥራ ነው፤ ለእውነተኛ ደንበኛ፣ በእውነተኛ መሬት ላይ የተሠራ ግቢ፣ አንድ በጋ ቆሞ የትምህርት ቤቱ መርማሪ በአካል ሲያየው።

የባሕር ዳር ግቢ የመጀመሪያ ሕግ ነፋስን መከለል ነው። በባሕሩ በኩል ሕያው አጥር ይትከሉ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ከሰው ቁመት የማያንስ። ይህ ሳይደረግ የሚተከል ነገር ሁሉ ልፋት ብቻ ነው። ለሁለተኛው የቤት ሥራ አጥሩን ተክለው ግቢውን እንደገና ይለኩልኝ።

አልዊን ቶርበርን


ሀለርስ ቢች፣ ሜይ 17 ቀን 1993

ለተከበሩ አቶ ቶርበርን፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። የዘገየሁበትን ምክንያት መጻፍ ጀምሬ ሁለት ወረቀት ቀደድኩ፤ ስለዚህ ዝም ብዬ ዘግይቻለሁ ማለቱ ይሻላል።

አጥሩን ተክያለሁ። ከጅረቱ ዳር ቁመታቸው አገጬ የሚደርስ ቁጥቋጦዎች ነቅዬ በጋሪ አመጣሁ። ጎረቤታችን ናይሪ በትራክተሯ ረዳችኝ። ሰባ ዓመቷ ነው፤ ትራክተሩ ከእሷ ይበልጣል ትላለች። ሁለቱም ሲነሱ ያጓራሉ። የትኛው እንደሞተ የሚታወቀው በጭሱ ነው ይላል መርቭ፣ እሷ እየሰማች።

ስንለካ ሜትሩን በዚያ ጫፍ የሚይዝልኝ ሰው አለ። መርቭ ነው፣ በሩ ላይ ወንበሩን አስቀምጬለት። «ሳብ አድርጊ!» ይለኛል፤ ስስብ ይለቀዋል፣ እኔ ወደ ኋላዬ ጠጠሩ ላይ ቁጭ። ይስቅና ሳሉ ይነሳበታል። ከዚያ ሁለታችንም ሳሉ እስኪያልፍ እንጠብቃለን።

የአጥሩ ነገር አልገባኝ እንደሆነ እንጃ፣ ካለቀ ወዲህ ቤቱ ትንሽ ጨለም ብሏል። ነፋሱ ግን ቀንሷል። አዲሱን ፕላን ልኬያለሁ።

የእርስዎ ግቢ ምን ይመስላል? መጠየቅ ከተፈቀደ ነው።

ኖሊን ፓስኮ


ክራይስትቸርች፣ ጁን 4 ቀን 1993

ለወይዘሮ ፓስኮ፣

ይህን ደብዳቤ መጻፉ ደስ አይለኝም። በፌብሩዋሪ ሠላሳ አንድ ሜትር የነበረ ግቢ በሜይ ሃያ ሰባት ተኩል ሆኖ አገኘሁት። መሬት እንደ ሹራብ ታጥቦ አያጥርም፣ ወይዘሮ ፓስኮ። ወይ ያኔ በትክክል አልለኩም፣ ወይ አሁን እየቀለዱ ለክተዋል። ሜትሩን እየለቀቁ መሣቅ ለቤት ውስጥ ጥሩ ነው። ነገ አንድ ደንበኛ በእርስዎ ልክ አምኖ ድንጋይ ሲያዝ ግን ሦስት ሜትር ተኩል የሚያህል ድንጋይ ይተርፈዋል፣ ወይ ይጎድልበታል።

አርባ ስምንት ከመቶ። የማለፊያው ነጥብ ሃምሳ ነው። ሦስት ጊዜ ለክተው እንደገና ይላኩ።

ስለ እኔ ግቢ ለጠየቁት፣ ከትምህርቱ ጋር የተያያዘ አይደለም።

አ. ቶርበርን


ሀለርስ ቢች፣ ጁን 15 ቀን 1993

ለተከበሩ አቶ ቶርበርን፣

እውነትዎን ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሦስት ጊዜ ለካሁ። አንዴ ብቻዬን፣ ሁለቴ ከናይሪ ጋር፣ ማንም ሳይስቅ። ዛሬ ሃያ ስድስት ሜትር ከሰባ ነው። ይኸኛው ትክክል ነው። የፌብሩዋሪውን እንደ ስሕተት ይያዙልኝ።

ሥሩ ጠጠርን ጨምድዶ የሚይዝ ተክል የቱ ነው? የምጠይቀው ለሌላ ሰው ነው።

ኖ. ፓስኮ


ክራይስትቸርች፣ ጁላይ 9 ቀን 1993

ውድ ወይዘሮ ፓስኮ፣

ትናንት የድንች ልጣጭ ልጠቀልልበት ያነሳሁት የሳምንት ጋዜጣ ላይ የመንደርዎን ስም አየሁ። የባሕር ዳሩ መንገድ በማርች ግማሹ፣ በጁን ደግሞ ቀሪው በባሕር እንደተወሰደ ይላል። ፎቶግራፍም አለው። አንድ የእንጨት አጥር ጠጠሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ በስተኋላው የተደረደሩ ቁጥቋጦዎች አሉ፣ ቁመታቸው እስከ ሰው አገጭ የሚደርስ።

ልጣጩን እዚያው ትቼ ተቀመጥኩ።

መሬት አያጥርም ብዬ ጻፍኩልዎ። እርስዎ ደግሞ «እውነትዎን ነው» ብለው መለሱልኝ። በሠላሳ አምስት ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ትክክለኛ ልክ የላከልኝ ተማሪ የለም፤ እኔ ግን ጣልኩዎት። ይቅርታ ማለት ትንሽ ነው፣ ሌላ ቃል ግን አላገኘሁም። ነጥቡን ወደ ሰባ አምስት ከፍ አድርጌዋለሁ።

ስለ ተክሉ የጠየቁት ለሌላ ሰው እንዳልሆነ አሁን ገብቶኛል። መጻሕፍቶቼን ሁሉ አገላበጥኩ። ሃራኬኬ፣ ያ ሰይፍ የመሰለ ቅጠል ያለው፣ አሸዋን ይይዛል። ጠጠርን ግን ከባሕር የሚያስጥል ተክል የለም። ቢኖር ኖሮ እኔ አውቀው ነበር፤ ሥራዬ እሱን ማወቅ ነው።

ለምን አትወጡም? ብዬ መጠየቅ መብቴ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም እጠይቃለሁ።

አልዊን ቶርበርን


ሀለርስ ቢች፣ ጁላይ 28 ቀን 1993

ለአቶ ቶርበርን፣

መጀመሪያ ሰባ አምስቱን ይሰርዙልኝ። የሰሜን ቀስቱን ዳግመኛ ረስቼው ነበር፤ እርስዎም አላዩትም። ስለ አዘኑልኝ ነጥብ አይስጡኝ። የሚሰጡኝ ወረቀት እውነተኛ መሆን አለበት፤ በእሱ ሥራ የምለምነው እኔ ነኝ።

ለምን እንደማንወጣ ልንገርዎ። ቤቱን የሚገዛ የለም። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው መጥቶ ነበር፤ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ፣ ሻይ ጠጣ፣ «እናዝናለን» አለ፣ ኮፍያውን አድርጎ ሄደ። መድን የሚባለው ድርጅት ባሕርን አይሸፍንም። የመርቭ እህት ኦሪየል ሪፍተን ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል አላት፣ ኑ ትለናለች። መርቭ ግን «እኔ ሂያጅ ሰው እመስልሻለሁ?» ይለኛል። ስቆጣው፣ «አንቺ ሂጂ፣ እኔ ቤቱን እጠብቃለሁ» ይላል። እሱ! ከወንበሩ ተነስቶ መስኮት መዝጋት የማይችለው ሰው!

አሁን ደግሞ ስለ ትምህርቱ። አምስተኛው ክፍል ላይ «ደንበኛዎን ይጠይቁ» የሚል ቅጽ አለ። ሌላ ደንበኛ ስለሌለኝ መርቭን ጠየቅሁት። እንዳለ ልጻፍልዎ።

«ደንበኛው በግቢው ውስጥ ምን ማድረግ ይፈልጋሉ?» አልኩት።

«ደንበኛ ማነው?»

«አንተ።»

«ደንበኛ ከሆንኩ ሻዬ የታለ?»

ሻይ አመጣሁ። «አሁን ይጠይቁኝ፣ እመቤት» አለኝ፣ እግሩን አጣምሮ።

«ምን ማድረግ ትፈልጋለህ?»

«መቀመጥ።»

«የት?»

«ያንን ጫካሽን የተከልሽበት ቦታ።»

አልገባኝም ነበር፤ አጥሩን ማለቱ ነው። «ምን አድርጎህ ነው አጥሩ?» አልኩት።

ኦክስጅኑን ሳበ። ከዚያ «ኖሊን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ፊቴ ላይ ግድግዳ ነበር» አለኝ። «በክረምት ሳይነጋ እገባለሁ፣ ሲመሽ እወጣለሁ። ቀን የሚባለውን እሑድ እሑድ ነበር የማየው። ከወጣሁ በኋላ ይኼ መስኮት ነበረኝ። አሁን ቁጥቋጦ አየዋለሁ።»

«ታዲያ አራት ወር ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?»

«መምህሬ አዘዘኝ አልሽ። ከመምህር ጋር ልጣላ?»

«ባሕሩን ማየት የሚያስጠላህ መስሎኝ ነበር። እየበላን ነው እኮ፣ መርቭ።»

«ይብላ» አለ። «ሲበላ ልየው።»

ሃያ ሦስት ዓመት አብረን ኖረናል፤ ምን ማየት እንደሚፈልግ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ቅጹ ነው ያስጠየቀኝ።

ስለዚህ ሕጉን መጣሴ ነው፣ አቶ ቶርበርን። አጥሩን ነቅዬዋለሁ። ናይሪ ትራክተሯን እያስጓራች፣ «በማርች ተክለን በጁላይ እንነቅላለን፣ ደግ ትምህርት ነው!» እያለች ስታሾፍብኝ ዋለች። ነጥብ ይቀንሱ።

ኖሊን


ክራይስትቸርች፣ ኦገስት 20 ቀን 1993

ውድ ወይዘሮ ኖሊን፣

አልቀንስም። ሰባ አምስቱን ግን ሰርዣለሁ፤ በቀስቱ ምክንያት ስድሳ ስምንት ሆኗል። የሚገባዎ እሱ ነው።

አጥሩን ያስተከልኩዎ እኔ ነኝ። ቦታውን ሳላይ፣ ደንበኛውን ሳልጠይቅ፣ ከመጽሐፍ አውጥቼ። ባለቤትዎ አራት ወር ቁጥቋጦ ሲመለከቱ የኖሩት በእኔ ትእዛዝ ነው። ይህን ለራሴ በየቀኑ እናገረዋለሁ፣ ነገር ግን ለማንም የሚጠቅም አይደለም።

የመጨረሻ ሥራዎን በዚያው ግቢ፣ ለባለቤትዎ እንዲሠሩ ፈቅጄያለሁ። ሕጉን ግን እንዲያውቁት ይሁን፤ መርማሪው የሚመጣው በፌብሩዋሪ ነው። እስከዚያ መቆም አለበት። ይቆማል ወይ ብዬ አልጠይቅዎም፤ መልሱን ሁለታችንም ማወቅ አንፈልግም።

ተክሎቹን ከመሬት ይልቅ በሣጥን ውስጥ ቢያደርጓቸውስ? ቢያንስ ለማሸሽ ይመቻል።

ስለ ግቢዬ ጠይቀውኝ ነበር፤ ባለፈው ክፉ መልስ ሰጥቼዎታለሁ። ግቢ የለኝም። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ፣ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። መስኮቴ የመኪና ማቆሚያ ያሳያል። ዳሌዬ ስለማይታዘዘኝ ደረጃውን በቀን አንዴ ብቻ ነው የምወርደው። የሌሎችን ግቢ ከወረቀት ላይ አያለሁ፤ በቀይ ብዕር።

አልዊን ቶርበርን


ሀለርስ ቢች፣ ኦክቶበር 11 ቀን 1993

ውድ አቶ ቶርበርን፣

ግቢው አልቋል። በሴፕቴምበር ሃያ ነው ያለቀው፤ ፎቶግራፍ ልልክልዎ ብዬ ፊልሙን ለማሳጠብ ወደ ከተማ የሚሄድ ሰው እስካገኝ ቆየሁ። ሦስቱ ደብዝዘዋል፣ አራተኛው ላይ የናይሪ አውራ ጣት አለ። ስለዚህ በቃል ልንገርዎ።

መርቭ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የዓይኑን ከፍታ ለካሁ፤ አንድ ሜትር ከአሥራ ስምንት ነው። ከዚያ በላይ የሚደርስ ምንም ነገር የለም። ከጓሮ በር ጀምሮ ከተዘጋው የማዕድን ሠራተኞች መታጠቢያ ቤት ያመጣነው ሳንቃ ተነጥፏል፣ የወንበሩና የጠርሙሱ ጎማ ጠጠሩ ውስጥ እንዳይሰምጥ። ሳንቃው ቀጥ አይልም፤ መሃል ላይ ትንሽ ይታጠፋል። ያቺ መታጠፊያ ናት ትምህርትዎ። ቀጥ ቢል ኖሮ ከበሩ ሲወጡ ሁሉም ነገር አንዴ ይታይ ነበር። አሁን ግን መጀመሪያ ባሮ ሽንኩርቱን ያያሉ (ደንበኛው አጥብቀው ያዘዙት እሱን ነው)፣ ከዚያ ዝቅ ያለውን የባሕር ዳር አበባ፣ ከዚያ ሲታጠፉ ባሕሩ ይመጣል፣ ሙሉውን።

መጀመሪያ ያወጣሁት ቀን መርቭን በሳንቃው ላይ ገፋሁት። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ እጁን አነሳ፣ «ቁሚ» ማለቱ ነው። ቆምኩ። ረጅም ጊዜ ተቀመጠ። በመጨረሻ፣ «ይኼን ወረቀት ላይ ነው ያሰብሽው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «በይ እሺ» አለ። ከእሱ ይህ ብዙ ነው።

በየጠዋቱ ይወጣል። ዌካ የሚባለው ያ ሌባ ወፍ መጥቶ ማንኪያውን ሰርቆበት ሄደ፣ «ከደንበኛ ይሰርቃል!» ብሎ ጮኸ። ሣጥን ይሻላል ብለው ነበር፤ ነገርኩት። «እንሽሽ ካልንማ ሪፍተን አለ አይደል? መሬት ውስጥ ትከይው» አለኝ። መሬት ውስጥ ተከልኩት።

ሌላውን ነገር፣ ከጓሮ በር እስከ ባሕሩ የቀረውን፣ ገና አልጻፍኩልዎም፤ ባይጠይቁኝም ልንገርዎ። ዛሬ ጠዋት አሥራ አንድ ሜትር ከሃያ ነው።

መርማሪው ከፌብሩዋሪ በፊት እንዲመጣ ማድረግ ይችላሉ? ለምኜ አላውቅም፤ ስለዚህ እንዴት እንደሚለመን አላውቅበትም። እባክዎ።

ኖሊን


ክራይስትቸርች፣ ኖቬምበር 5 ቀን 1993

ውድ ኖሊን፣

አራት ጊዜ ወደ ዋናው ኃላፊ ቢሮ ሄድኩ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሕጉን አውጥቶ በጣቱ እየተከተለ አነበበልኝ፤ «አንድ በጋ የቆመ፣ መርማሪው በአካል የቆመበት።» ፎቶግራፍ አይቀበሉም። ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪ የጎረቤቱን ግቢ አንስቶ ልኮ ነበርና።

«በጋው እስኪያልቅ ግቢው አይኖርም» አልኩት።

«እንግዲያው ያላለቀ ሥራ ነው» አለኝ።

«አልቋል! የሚያልቀው መሬቱ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ጸሐፊዋ ውሃ አመጣችልኝ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው፤ መርማሪ ሆኜ ራሴ እንድመጣ፣ ቀኑም ወደ ዲሴምበር 10 እንዲቀርብ። በጋው ሳያልቅ ያየሁትን ይቀበሉ አይቀበሉ ቃል አልሰጡኝም። የአውቶቡስ ቲኬት ቆርጫለሁ። ተራራውን የሚያቋርጠው መንገድ ናዳ ካልዘጋው፣ ዳሌዬም ከፈቀደልኝ እመጣለሁ። አምስት ሳምንት ነው። በአሥራ አንድ ሜትር አምስት ሳምንት ይበቃል አይበቃም እያልኩ ወረቀት ላይ ሳካፍል አመሸሁ፤ ባሕር በሒሳብ የሚሄድ ይመስል።

ባለቤትዎን ሰላም ይበሉልኝ። ዓይናቸው ባለበት ከፍታ ላይ መቀመጥ እፈልጋለሁ።

አልዊን


ሪፍተን፣ ኖቬምበር 23 ቀን 1993

ውድ አቶ ቶርበርን፣

አይምጡ። ቲኬቱን የሚመልሱልዎ ከሆነ ይመልሱት።

አርብ ዕለት ረፋድ ላይ ነበር፣ አምስት ሰዓት አካባቢ፣ ማዕበሉ ሲሞላ። ከዚህ በላይ ስለ ቀኑ መጻፍ አልችልም፤ ሞክሬዋለሁ። ናይሪ በትራክተሯ ደርሳ መርቭን ከነወንበሩ ጫነችው። ቤቱ ቆሟል፣ ግማሹ። በሩ ላይ ቀይ ወረቀት ለጥፈውበታል። ግቢው የለም። ሳንቃዎቹን እንኳ አላገኘናቸውም።

መርቭ ደህና ነው ብዬ ጽፌ ነበር፤ አጠፋሁት። ሆስፒታል ነው። ብርድ መቶታል፤ ለእሱ ደግሞ ብርድ እንደ ሌላ ሰው ብርድ አይደለም። ያለነው ኦሪየል ዘንድ ነው። መልካም ሴት ናት፤ በቀን አሥር ጊዜ «እኔ ነግሬያችሁ ነበር» ማለት ትፈልጋለች፣ አንድም ቀን አላለችም።

ስለ ደከሙልኝ አመሰግናለሁ። በኔ የተነሳ ከኃላፊዎ ጋር እንዳይጣሉ።

ኖሊን


ክራይስትቸርች፣ ዲሴምበር 14 ቀን 1993

ውድ ኖሊን፣

ሦስት ሳምንት ብዕር ማንሳት አቃተኝ።

ውሳኔው ወጥቷል። አልተቀበሉትም። «ሥራው ለምርመራ አልቀረበም» ይላል። ለዚህ ሥራዬን እለቃለሁ ብዬ አስፈራራሁ። ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ፣ «አልዊን፣ ስትሄድ በጣም ነው የምናዝነው» አለኝ። ሲጠብቁኝ ኖረዋል መሰለኝ። አልለቀቅኩም። ብለቅ ለእርስዎ የሚጠቅም ነገር የለውም፣ እኔም ከቀይ ብዕሩ ሌላ ምንም የለኝም።

በሌላ ቦታ፣ ለሌላ ደንበኛ እንደገና መጀመር ይችላሉ፤ ክፍያ አይጠየቁም፣ ይህን ብቻ አሸንፌያለሁ። ይጀምሩ ይሆን? መልሱን ዛሬ አልጠብቅም።

ከዚህ ጋር የምርመራ ቅጹን ልኬልዎታለሁ። መታጠፊያው ጋ ቆሜ የምሞላው ነበር። የታችኛው ክፍል የተማሪው ነው። አሁን ምንም ዋጋ የለውም፣ የሚያነበውም የለም። ፖስታው ውስጥ ሌላ ምን እንደምከት ስላላወቅሁ ነው።

መርቭ እንዴት ናቸው? እባክዎ ይጻፉልኝ።

አልዊን


ሪፍተን፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1994

ውድ አልዊን፣

ሦስት ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። ያልመለስኩት ተቀይሜ አይደለም። ለሦስቱም መልሱ አንድ ነበር፤ እሱን መጻፍ አልቻልኩም።

መርቭ ጃንዋሪ 11 ቀን ሞተ። ሲሞት አብረውት ነበሩ እንዳይሉኝ፤ አልነበርኩም። ቀን ነው፣ እኔ ቡና ላመጣ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ። እንዲህ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ብዙ አላወራም፤ የተኛበት ክፍል መስኮት ከፍ ያለ ነበርና ከአልጋው ሰማይ ብቻ ነበር የሚታየው። ነርሷን ጠርቶ፣ «ይኼን ክፍል ያሰበው ማነው?» ብሎ ጠየቃት። የታመመ ሰው ወሬ መስሏት ሳቀችለት። እኔ ግን ገብቶኛል። አልጋውን እንዲያነሱልኝ ጠየቅሁ፤ አይነሳም አሉኝ።

የቀበርነው ሪፍተን ነው። ሀለርስ ቢች ያለውን መቃብርም ባሕሩ አሁን አጥሩ ላይ ደርሶበታል።

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ሥራ አግኝቻለሁ፣ በሳምንት አራት ቀን። ምስክር ወረቀት አልጠየቁኝም። ኦሪየል ትናንት ሲሚንቶ የለበሰ ጓሮዋ ላይ ቆማ፣ «እዚህ አንድ ነገር ቢሠራ ምን ይመስልሻል?» አለችኝ። እኔን ለማጽናናት ነው፤ አበባ እንኳ አትወድም። እንጃ አልኳት። ለእርስዎም የምመልሰው ይህንኑ ነው። እጀምር እንደሆነ እንጃ። እርሳሱን አነሳዋለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ቅጹን ግን ሞልቼዋለሁ። ዋጋ እንደሌለው ነግረውኛል። ባዶ ወረቀት ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ስላልወደድኩ ነው።

የደንበኛው ስም፦ መርቪን ጆን ፓስኮ።

የሥራው ቦታ፦ ሀለርስ ቢች፣ በባሕሩ በኩል የመጨረሻው ቤት።

ደንበኛው በቦታው ተጠቅሞበታል? አዎ። ዝናብ ያልጣለባቸው ጠዋቶች ሠላሳ ስምንት ነበሩ፤ አንዱም አላመለጠውም።

ቦታው አሁን በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል? እዚህ ላይ ምንም አልጻፍኩም።

ሥራውን እንደገና ቢጀምሩት ምን ይለውጡ ነበር? ቀድሜ እጠይቀው ነበር።

ኖሊን ፓስኮ